ከሚዛኑ አጠገብ ያለው ደብተር



ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ የመጣሁት ለዓይን ስለማይታይ አንድ ሥራ ላወራችሁ ነው። ቴሌብር ከፍታችሁ ለወንድማችሁ ብር ስትልኩ የምታዩት ስክሪኑን ነው፤ ቁልፉን፣ ቀለሙን፣ ብሩ መድረሱን የሚነግራችሁን ጽሑፍ። ብሩ ግን ስልኩ ውስጥ የለም። ስልኩ ሩቅ ላለ ኮምፒውተር መልእክት ይልካል፤ ያ ኮምፒውተር ላኪው ማን እንደሆነ ያጣራል፣ ሒሳቡን ያያል፣ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይደምራል፣ ከዚያ መልስ ይሰጣል። ይህ ከበስተጀርባ ያለው ክፍል ባክኤንድ ይባላል። ስልኩና ያ ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ውል፣ «እንዲህ ብለህ ጠይቀኝ፣ እንዲህ ብዬ እመልስልሃለሁ» የሚለው ስምምነት፣ ኤፒአይ ነው።

ይህን ለመረዳት ከመራዊ መውጣት አያስፈልግም። ከቆጋ መስኖ የወጣ ሽንኩርት ሲረከብ ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል። ከሚዛኑ አጠገብ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ቆሟል። «ማን ብዬ ልጻፍ?» ይላል። ስም ከነአባት ይነገረዋል። ሚዛኑን ያነባል፣ ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ገበሬው ደብተሩን ተቀብሎ በራሱ እጅ አይጽፍበትም። መዝጋቢውም ስም ሳይጠይቅ፣ ሚዛን ሳያይ አይጽፍም። የሚጠየቀው ነገር የታወቀ ነው፣ የሚመለሰውም የታወቀ ነው። ያ የመዝጋቢው የጥያቄና መልስ ሥርዓት ኤፒአይ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ እኛ ዳታቤዝ የምንለው።

ቆጋ ትንሽ ሥራ አይደለም። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል፤ እንዲያለማ የታቀደለት መሬት 7,004 ሄክታር ነው። ከዚያ መሬት የሚወጣው ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና አቮካዶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ተመዝኖ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ባክኤንድ ልማር ብሎ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ይህን ደብተር ያጥና። ብዙ ተማሪዎች ከኢንተርኔት ያገኙትን የሌላ አገር ምሳሌ፣ የዕለት ሥራ ዝርዝር መመዝገቢያውን፣ ቃል በቃል እየገለበጡ ወራት ይፈጃሉ። ኮዱ ይሠራል፤ ልጁ ግን ምንም አልተማረም፤ ምክንያቱም ያ ምሳሌ አንድም ከባድ ጥያቄ አይጠይቀውም። የሚዛን ቤቱ ደብተር ይጠይቀዋል።

መሣሪያውን ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በአሥር ቀን ነው የሠራው፤ ድረ ገጽ ላይ ጥቃቅን ነገር እንዲያንቀሳቅስ። እ.ኤ.አ. በ2009 ራያን ዳል ኖድን ሠራና ቋንቋው ሰርቨር ላይም፣ ማለትም ያ ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ላይም፣ በሰፊው ገባ። ችግሩ ጃቫስክሪፕት የሰጡትን ሁሉ የሚቀበል መሆኑ ነው። ከስልክ የመጣ «5» የሚል ጽሑፍና 3 የሚል ቁጥር ደምር ብትሉት አይከራከርም፤ 53 ይላችኋል። አምስት ኩንታልና ሦስት ኩንታል ሃምሳ ሦስት ኩንታል ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክሮሶፍት ታይፕስክሪፕትን አወጣ፤ ሥራውን የመራው ቀድሞ ተርቦ ፓስካልንና ሲ ሻርፕን የሠራው ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ ነው። ታይፕስክሪፕት ያው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ እንድትጽፉ ያደርጋችኋል። «ክብደት ቁጥር ነው። መለኪያው ኪሎ ወይም ኩንታል ብቻ ነው፤ ሌላ የለም። ስም ጽሑፍ ነው፤ መቅረት አይችልም።» ክብደት በሚጠበቅበት ቦታ ስም ብታስገቡ፣ ገና ፕሮግራሙ ሳይነሳ፣ እዚያው የምትጽፉበት መስመር ላይ ቀይ ያሰምርባችኋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ ታይፕ ማለት ቡድኑ በቃል የሚያውቀውን ነገር ለሚቀጥለው ሰው በጽሑፍ ማውረስ ነው።

በታይፕስክሪፕት ባክኤንድ የሚሠራባቸው ፍሬምወርኮች፣ ማለትም የተዘጋጁ የሥራ መዋቅሮች፣ ብዙ ናቸው። እኔ ለጀማሪ ኔስትን እመርጣለሁ፤ ፖላንዳዊው ካሚል ሚሽሊቪየትስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ነው። ቀለል ያሉ፣ እንደ ፋስቲፋይና «ሆኖ» (Hono) ያሉ አሉ፤ ፈጣኖችም ናቸው። ኔስት ግን እያንዳንዱ ሥራ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ያስተምራል፤ ጀማሪ የሚያጣውም ይህንኑ ነው። አንድ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ጋርድ ያገኘዋል፤ እንደ ግቢ ዘበኛ፣ «ማን ነህ? መግባት ይፈቀድልሃል?» ይላል። ካለፈ ፓይፕ ያገኘዋል፤ ይህ የተላከው ነገር ውሉ እንደሚለው መሆኑን ይፈትሻል። ከዚያ ኮንትሮለር ይቀበለዋል፤ ጥያቄውን ተቀብሎ ለሚመለከተው ያስተላልፋል፣ መልሱንም ይመልሳል። ዋናው ሥራ፣ ማስላቱና ደብተር ላይ መጻፉ፣ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ሚዛን ቤቱን አስቡት፤ በሩ ላይ ያለው ሰው፣ ጆንያውን ፈትቶ የሚያየው፣ የሚያስተናግደው፣ የሚጽፈው። አንድ ሰው አራቱንም ሊሠራ ይችላል፤ ግን ሲሳሳት የቱ ጋ እንደተሳሳተ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ነውና። ታይፕስክሪፕት ሥራ ላይ ሲውል ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀየራል፤ ሲቀየር ታይፖቹ ይጠፋሉ። አንዳቸውም አይቀሩም። «ክብደት ቁጥር ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተንና ባልደረባችሁን ያስራል፤ ከውጭ ጥያቄ የሚልከውን ስልክ ግን አያስረውም። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ክብደት ብሎ «ብዙ» የሚል ቃል ቢልክ፣ ወይም ከዜሮ በታች ሠላሳ ኪሎ ብሎ ቢልክ፣ ታይፑ በዚያ ሰዓት የለም፤ የሚያስቆመው አያገኝም። ስለዚህ በር ላይ በሥራ ሰዓት የሚፈትሽ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ኔስት ውስጥ ይህ የቫሊዴሽን ፓይፕ ሥራ ነው፤ ውሉ ኢንተርፌስ በሚባለው አጻጻፍ ፈንታ ክላስ በሚባለው የሚጻፈውም ለዚሁ ነው፤ ኢንተርፌስ ሲጠፋ ክላስ ይቀራል፣ ፓይፑም እሱን አይቶ ይፈትሻል። በውሉ ላይ የሌለ ተጨማሪ ነገር ከመጣም አራግፎ እንዲጥል ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ ተንኮለኛ «እኔ አስተዳዳሪ ነኝ» የሚል መስመር ጨምሮ ቢልክ እዚያው ይቀራል።

ሰርቨር የመጨረሻው ፈታሽ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሲታወክ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከነበረው በላይ ብር እንዳወጡ ሁላችንም ሰምተናል። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ሳምንታት ደክሟል። እናንተ የምትጽፉት ባንክ ላይሆን ይችላል፤ የአንድ ገበሬ የዓመት ልፋት የተጻፈበት ደብተር ግን ለዚያ ገበሬ ከባንክ አያንስም።

አሁን ከባዶቹን ጥያቄዎች እናንሳ። የመጀመሪያው ስም ነው። የውጭ አገር ምሳሌ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይሰጣችኋል። የቤተሰብ ስም የሚባል እኛ የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ ልጅና አባትን በአንድ የቤተሰብ ስም ልፈልጋቸው ብላችሁ ብትሞክሩ አታገኟቸውም። ስለዚህ ውሉን ስትጽፉ ሦስቱን እንደየስማቸው ጻፉ። ታይፕስክሪፕት ለመጠሪያ የአማርኛ ፊደል ይቀበላል፤ «የአባትስም» ብላችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን ፕሮግራማችሁን እንዲያ እንድትጽፉ እመክራለሁ። ከሌሎች ጋር ስትሠሩ ወደ እንግሊዝኛ ትቀይሩታላችሁ፤ ነገሩ ግን ቀድሞ በራሳችሁ ቋንቋ ገብቷችኋል።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። ሦስት መዝጋቢዎች አሉ እንበል። አንዱ «ኃይሉ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ»። ለጆሮ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለውና። ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ገበሬው ሦስት ጊዜ ምርት አስረክቦ ሒሳቡን ሲጠይቅ አንዱ ብቻ ይወጣለታል። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አክብሮ ማስቀመጥ፣ ከጎኑ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው፤ በዚያኛው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ በየእርባታቸው። ከዚያም ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ። ፈላጊው የጻፈውም እንዲሁ ተመልሶ ይነጻጸራል። ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። ግን ይህን የሚነግራችሁ የውጭ መጽሐፍ የለም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ቁጥር የሚያገኙበት ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ዩቲኤፍ ኤይት በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «መራዊ» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። ቦታ በባይት ለክቶ የሚቆርጥ ሲስተም ላይ ስም ከመሃል ይቆረጣል። ፈትኑት፤ ሁልጊዜ በረጅም የአማርኛ ስም ፈትኑ።

ገንዘብ ላይ አልቆይም። ጃቫስክሪፕት ነጥብ ያለውን ቁጥር ሁልጊዜ በትክክል አይዝም፤ 0.1 እና 0.2 ብትደምሩ 0.3 ላይ አይቆምም፣ ከኋላው ረጅም ጅራት ያወጣል። ስለዚህ ብርን በሳንቲም ቆጥራችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ስልክ ቁጥር ላይም አልቆይም፤ ሳፋሪኮም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር አለ፤ በ09 ካልጀመረ አልቀበልም የሚል ኮድ ሰውን ከደጅ ይመልሳል።

ቀን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ በ2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስለምትሆን ነው። ስለዚህ በድፍኑ «ሰባት ዓመት ቀንስ» የሚል ኮድ አትጻፉ። ደብተሩ ውስጥ አንድ ዓለም አቀፍ ቀን አስቀምጡ፤ ለሰው ስታሳዩ ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ቀይሩት። ጃቫስክሪፕት ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከየትም ፓኬጅ ይፈልጋል። ሰዓቱም አለ። አንድ ገበሬ «ሁለት ሰዓት ላይ አስረክቤአለሁ» ሲል ጠዋት ነው፤ ሰርቨሩ ስምንት ብሎ ያውቀዋል።

መልስ አሰጣጥም ትምህርት ነው። ሰርቨር በቁጥር ይመልሳል። 201 ማለት ተመዝግቧል ነው። 400፣ የላክኸው እንደ ውሉ አይደለም። 401፣ ማን እንደሆንህ አላወቅሁም። 403፣ አውቄሃለሁ ግን አይፈቀድልህም። 404፣ የጠየቅኸው የለም። 500 ማለት ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ሁሉንም በ200፣ ማለትም «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ መልሶ፣ ስህተቱን ከውስጥ ይጽፈዋል። ይህ ለሰውየው ደረሰኝ ቆርጦ ሰጥቶ ከደረሰኙ ጀርባ «አልተመዘገበም» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ከቁጥሩ ጋር የሚሄደው ጽሑፍም ሰው ያነበዋል። «እባክዎ ስልክ ቁጥሩን ያስተካክሉ፤ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ለአባታችሁ በአካል የማትናገሩትን በስክሪን አትናገሩት።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት መጋዘን የዕቃ መረከቢያ ሲስተም ሠራሁ። በሳምንቱ ተጠራሁ። ሲስተሙ 180 ጆንያ ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው 60 ነው። መጋዘን ጠባቂው አዛውንት ናቸው፤ ቁልፋቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምሳ አልበሉም። «ልጄ፣ እኔ የተረከብሁ ስልሳ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዳታቤዙን ከፈትሁ። እያንዳንዱ ርክክብ ሦስት ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል፤ በሰኮንዶች ልዩነት። ኔትወርኩ ደካማ ነበር። እሳቸው «መዝግብ» የሚለውን ይነካሉ፤ ጥያቄው ይደርሳል፣ ይመዘገባል፤ መልሱ ግን በመንገድ ይቀራል። ስልኩ «አልተሳካም» ይላቸዋል። እንደገና ይነካሉ። «እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኋቸው፤ አለቆቻቸውም ባሉበት ደገምሁት። ኮዱ ላይ አንድም መስመር የተሳሳተ አልነበረም። የተሳሳተው እኔ መልስ ሁልጊዜ ይደርሳል ብዬ መገመቴ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከደረሰኝ ጥራዝ ነው። የደረሰኝ ጥራዝ አይታችኋል፤ ቁጥሩ ገና ሳይጻፍበት ታትሞበት ይመጣል። 0417 አንዴ ከተቆረጠ ሁለተኛ 0417 የለም። ሲስተሙንም እንዲሁ አደረግሁት። ስልኩ ጥያቄ ከመላኩ በፊት ለዚያ ርክክብ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል። ኔትወርክ ተቋርጦ አሥር ጊዜ ቢልከው ቁጥሩ ያው ነው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ያያል፤ አዲስ ከሆነ ይመዘግባል፤ የሚያውቀው ከሆነ አይመዘግብም፣ ያንኑ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ዳታቤዙም ያን ቁጥር ሁለቴ እንዳይቀበል ይታዘዛል፤ ሁለት ጥያቄ እኩል ቢደርስ እንኳ አንዱ ብቻ እንዲያልፍ። በእኛ አገር ኔትወርክ ይህን የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት አደርገዋለሁ። በየመጽሐፉ የሚገኘው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ወላጆች አንድ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ልጄ ይህን እንዴት ይማራል? በነሐሴ 2015 በአማራ ክልላችን ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እኔም ያንኑ ጠይቄአለሁ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኦንላይን ነው የሚሰጠው፤ ኔትወርክ ያለው ይማርበት፣ ጥሩ ዕድል ነው። ባክኤንድን ግን ያለ ኢንተርኔትም መማር ይቻላል። ሰርቨሩ ራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ነው የሚነሳው፤ 127.0.0.1 የሚለው አድራሻ ከማሽናችሁ አይወጣም። ዳታቤዝ ቢያስፈልጋችሁ ኤስኪውላይት አለ፤ ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዞራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ፓኬጆቹን ለማውረድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ኖድን፣ ቪኤስ ኮድንና ተዘጋጅቶ ያለቀ የኔስት ፕሮጀክት ከነፓኬጆቹ በፍላሽ ቢያመጣ፣ ያ ፍላሽ ላፕቶፕ ላለው ሁሉ ይዳረሳል። የኔስትን መመሪያ አውርዶ ማምጣትም ይቻላል። ላፕቶፕ ለሁሉም አይደርስም፤ እሱ እውነተኛው ችግር ነው፣ በንግግርም አይፈታም። ግን ሦስት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ ውሉን ወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ ሁለተኛው ኮዱን ቢጽፍ፣ ሦስተኛው ለማበላሸት ቢሞክር፣ ሥራው ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ትናንት ማታ የሚዛን ቤቱን ደብተር በኔስት ጽፌበታለሁ፤ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የምርት ዓይነት፣ ክብደት፣ መለኪያ፣ የማይደገም ቁጥር። የመሬት ስፋትም አለው፤ በቃዳ ነው የሚቀበለው፣ አራቱን ቃዳ አንድ ሄክታር አድርጎ ራሱ ያሰላል። አሁን ዳታውን አጥፍቼ የስልኬን ሆትስፖት ከፍቻለሁ፤ ላፕቶፑንም አገናኝቼበታለሁ። ስልክ ያላችሁ ልጆች ዋይፋያችሁን አብሩና «ሚዛን ቤት» የሚለውን ፈልጉ፤ አድራሻውን ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። አንዱ አባቱ ያስረከቡትን ሽንኩርት ከነትክክለኛ ክብደቱ ይላክ። ሌላው ክብደቱን ከዜሮ በታች አድርጎ ይላክ፤ ሰርቨሩ ምን ብሎ እንደሚመልስለት ጮክ ብሎ ያንብብልን። እዚያ ከኋላ እጅሽን ያነሳሽው ልጅ፣ ነይ፣ አንቺ ጀምሪ።